ይሂዱ ወይስ አይሂዱ፦ የማርስ ክርክራችን

ሰኔ 9፣ ሰኞ

አለቃችን ጋሽ ትእዛዙ በጠዋቱ ስብሰባ አዲስ ነገር ይዘው መጡ። ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰቆጣ በሬዲዮ የምናቀርበውን የሳይንስ ፕሮግራም የሚሰማው የለም አሉ። እውነታቸውን ነው፤ እናቴ እንኳ ስትሰማው እንቅልፍ ይወስዳታል። ስለዚህ ክርክር ይሁን ተባለ። እኔና ባልደረባዬ ምስጋናው ማይክ ፊት ተቀምጠን፣ አንዳችን ደግፈን ሌላችን ተቃውመን፣ ግማሹን በአማርኛ ግማሹን በኽምጥኛ፤ አድማጭም እየደወለ ይገባበታል። ርዕሱ ከፃግብጂ አንዲት ተማሪ ደውላ የጠየቀችው ነው፦ ሰውን ወደ ማርስ መላክ የእውነት ይቻላል ወይ? ቢቻልስ ያን ሁሉ ሀብት ማፍሰስ ተገቢ ነው ወይ?

ዕጣ አወጣን። ለእኔ «ይሂዱ» ደረሰኝ፣ ለምስጋናው «አይሂዱ»። እኔ የፈለግሁት «አይሂዱ»ን ነበር፤ ይቀላል። ምስጋናው ፊቴን አይቶ «ልቀይርልሽ?» አለኝ። እምቢ አልኩት። ለምን እምቢ እንዳልኩ አላውቅም።

ከወንድሜ ከተስፋው ዛሬም ወሬ የለም። ኔትወርኩ እየመጣ እየጠፋ ነው።

ሰኔ 12

ሳነብ ዋልኩ። በምድርና በማርስ መካከል ያለው ርቀት እንኳ አንድ ቦታ አይቆምም። ሁለቱም ይዞራሉ፤ ይቀራረባሉ፣ ይራራቃሉ። መንኮራኩር የሚነሣው ሲቀራረቡ ጠብቆ ነው፤ ያም በየሁለት ዓመቱ ገደማ ነው የሚገጥመው። መንገዱ ብቻ ሰባት ስምንት ወር ይፈጃል። አየሩ ስስ ነው፣ ቢተነፍሱት ይገድላል። ከዚያ በላይ ደግሞ ጨረሩ አለ። ጨረርን በኽምጥኛ ምን እንደምለው ግራ ገባኝና እናቴን ጠየቅኋት።

«እማ፣ የማይታይ፣ ሲነካሽ የማይታወቅሽ፣ ግን ውስጥሽ ገብቶ የሚያሳምም ነገር ምን ይባላል?»

ትንሽ አሰበችና «ሐሳብ ነዋ» አለችኝ።

እናቴ ወይዘሮ ባንቺ ከደሃና መጥታ እኔ ጋ የተቀመጠችው ከፋሲካ ወዲህ ነው። ቀበሌያችን ስልክ አይሠራም። ታናሽ ወንድሜ ተስፋው ቢደውል እንዳያጣት ብላ ነው የመጣችው። ተስፋው ከጓደኛው ከሰማኸኝ ጋር በጥር ወጣ፣ በጅቡቲ በኩል። የካቲት ላይ ከባሕሩ ዳር ደውሎ «ነገ እንሻገራለን» አለን። አሁን ሳውዲ ገብቶ ይሆናል። እንደገቡ ስልካቸውን ይቀሟቸዋል ይባላል። ዓመት ያህል ጠፍተው የደወሉ ብዙ ናቸው።

«የሚሄዱት ተገደው ነው?» አለችኝ እናቴ፣ ስለ ማርስ ነው።

«ፈልገው ነው። እንዲያውም ተወዳድረው።»

«እናቶቻቸውስ ያውቃሉ?»

ስለ እናቶቻቸው የትም አላነበብኩም።

ሰኔ 14፣ ቅዳሜ

ደክሞኛል፣ ግን ደስ ብሎኛል። የመጀመሪያው ክርክር ጥሩ ሄደ።

ምስጋናው በወጪው ጀመረ። «ሮቦቶች አሁንም እዚያው ናቸው» አለ። «አይበሉም፣ አይጠሙም፣ አይታመሙም። አንድን ሰው አድርሶ ለመመለስ በሚወጣው ሀብት ስንት ሮቦት ይላካል?» እኔ ደግሞ ሮቦት ዓመት ሙሉ የሚዳክርበትን ሥራ ሰው በጥቂት ቀን እንደሚጨርሰው ተናገርኩ። ሮቦት ድንጋይ ሲያጋጥመው ከምድር መልስ እስኪመጣለት ቆሞ ይጠብቃል። መልእክቱ በብርሃን ፍጥነት እየሄደ እንኳ ለመድረስ ደቂቃዎች ይወስድበታል። ገንዘቡም ማርስ ላይ የሚበተን አይደለም፤ እዚሁ ምድር ላይ ለመሐንዲሱ፣ ለብየዳ ሠራተኛው፣ ለመምህሩ ነው የሚከፈለው አልኩ።

«እዚሁ ስትይ የት ነው? ሰቆጣ?» አለኝ።

ከመስተዋቱ ጀርባ ያለው ቴክኒሻን ሳይቀር ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ማይኩ ክፍት ነበር።

ከደወሉት አንዱ ገበሬ ናቸው፣ ከሰቆጣ ዙሪያ። «ውሃ አለው?» አሉ።

«ከመሬቱ በታች በረዶ ሆኖ አለ፣ አባቴ። ማውጣቱ ነው የሚከብደው።»

«እንግዲያው እንደኛው አገር ነው» ብለው ዘጉ።

ሰኔ 19

ዝናብ የለም። ደመናው ከሰዓት በኋላ ይሰበሰብና ማታ ተበትኖ ይገኛል። ባጃጅ ውስጥ ከፊት የተቀመጠው ሰውዬ ለሾፌሩ ሲያወራ ሰማሁ፦ «መሬቱ ደርቆ ሬዲዮው ሰማይ ወጥቷል እኮ።» ሾፌሩ ግን «ተወው፣ ቅዳሜን የምጠብቀው ለሱ ነው» አለ። ድምፄን እንዳያውቁት የምወርድበትን በእጄ አሳየሁ።

የቱ ነው ልክ? ሁለቱም ልክ ይመስሉኛል። ይህ አመል እየባሰብኝ ነው። ጠዋት የራሴን ነጥብ ሳጠና አምናለሁ፤ ምስጋናው ሲናገር ደግሞ እሱን አምናለሁ። ተከራካሪ እንዲህ ይሆናል?

ሰኔ 28፣ ቅዳሜ

ዛሬ «ይቻላል ወይ» ነበር። በደንብ ተዘጋጅቼ ገባሁ። ከማርስ አየር ኦክስጅን ማውጣት በትንሽ መሣሪያ ተሞክሮ እንደተሳካ አስረዳሁ። ለመመለሻ የሚሆነውን ነዳጅም እዚያው ማምረት ይቻላል የሚል ሐሳብ አለ። ምስጋናው «ሐሳብ አለ ማለትና ነዳጅ አለ ማለት ለየቅል ነው» አለኝ። «እስካሁን ከመኪና የከበደ ነገር በሰላም አርፎበት አያውቅም። ትንንሾቹም ቢሆኑ ስንቶቹ ወድቀው ተሰብረዋል። ሰው ጭነሽ ትሞክሪያለሽ? ደግሞስ መመለሻው?»

«አንመለስም ብለው በፈቃዳቸው የተመዘገቡ ሰዎች አሉ» አልኩት።

አፌ ያመጣልኝ ነገር ነበር። ከዚያ በኋላ የተናገርኩት ብዙም ትዝ አይለኝም።

ቤት ስገባ ሬዲዮው ተዘግቷል። እናቴ እንደወትሮው «ጎበዝ፣ አሸነፍሽው» አላለችኝም። ሽሮውን አቀረበችና «የፈረሙት ልጆች ስንት ዓመታቸው ነው?» አለች። የተለያየ ነው አልኳት። እሷ አልበላችም። ጾም ነው አለች። ሰዓቱ ግን አልፎ ነበር።

ሐምሌ 5

ዝናብ የለም። ከሰሃላ ሰዎች ከብቶቻቸውን እየነዱ ወደ ተከዜ ዳር ወረዱ የሚል ዜና አነበብኩ። ዜናውን አንብቤ ስጨርስ ወዲያው የማርሱ ማስታወቂያ ገባ፤ የራሴ ድምፅ፣ ፍንድቅድቅ ያለ። አፈርኩ።

ሐምሌ 9

የዞኑ ሰዎች ጋሽ ትእዛዙን ጠርተው «በዚህ ጊዜ ይህን ማውራት ምን ይሉታል?» አሏቸው መሰለኝ። ሲመለሱ ከምስጋናው ጋር ዘግተው ሲያወሩ ቆዩ። ለፊርማ ልገባ ስል በሩ ገርበብ ብሎ ነበር። ጋሽ ትእዛዙ «እሷስ? ሰምታለች?» ሲሉ ሰማሁ። ምስጋናው «ገና ነው። እንዴት ብዬ ልንገራት?» አለ።

ፕሮግራሙ ሊዘጋ ነው ማለት ነው። ፊት ለፊት ቢነግሩኝ ምን ነበረበት? ሕፃን አይደለሁ።

ሐምሌ 12፣ ቅዳሜ

ተናድጃለሁ፣ በተራ በተራ ልጻፈው።

ፕሮግራሙ አልተዘጋም። ግን ልንገባ ስንል ምስጋናው «ዛሬ ርዕሱን እንቀይረው፣ ስለ ችግኝ እናውራ» አለኝ። አልሆንም አልኩ። እንግዲያውስ ቦታ እንቀያየር፣ አንቺ «አይሂዱ» በይ፣ እኔ «ይሂዱ» ልበል አለ። ዕጣ ያወጣን ቀን በሳቅ ያለውን ዛሬ እንደ ልመና አለው። የሚሸነፍ ሰው ነው እንዲህ የሚለው ብዬ አሰብኩ።

ገባን። ከሰሃላ አንዲት ሴት ደወሉ። ወይዘሮ አምሳለ ነኝ አሉ። ድምፃቸው ቀስ ያለ ነው፣ በኽምጥኛ ነው የተናገሩት። «ልጄ፣ አንድ ያልገባኝ ነገር አለ። ስለ ምግቡም ስለ ውሃውም ነገራችሁን። እዚያ የሞተውን ማን ይቀብረዋል?»

አንብቤበታለሁ። ስለዚህ መለስኩ። አስከሬኑ እዚያው እንደሚያርፍ፣ አፈር የትም አፈር መሆኑን፣ ለሳይንስ ብሎ የሄደ ሰው ቦታው እንደማይገደው፣ ሁሉንም ሳልደናቀፍ ተናገርኩ።

«ለእሱስ ይሁን» አሉ። «እኔ የምጠይቅሽ ለቤቱ ነው። ያልቀበሩት ሰው ሞተ ይባላል?»

አፌን ከፍቼ ልመልስ ስል ምስጋናው ለቴክኒሻኑ ምልክት ሰጠና ዘፈን ገባ። ገና ብዙ ደቂቃ ቀርቶን ነበር። ሴትዮዋ መስመር ላይ እያሉ። ስወጣ ጮህኩበት። «አድማጭ እንዲህ ይቆረጣል? መልስ ነበረኝ እኮ» አልኩት። የጆሮ ማዳመጫውን ገመድ እየጠቀለለ ፈታው፣ መልሶ ጠቀለለው።

ምን መልስ ነበረኝ? አሁን ስፈልገው አጣሁት።

ሐምሌ 16

ሰማኸኝ መጥቷል። ዛሬ ገበያ ላይ ነው የሰማሁት፣ ከአትክልት ሻጯ። ሳውዲ እስር ቤት ቆይቶ በአውሮፕላን መለሷቸው። ከወሩ መጀመሪያ ጀምሮ እዚሁ ሰቆጣ ነው፣ ምስጋናው ቤት፤ የአክስቱ ልጅ ነው።

ምስጋናው አልነገረኝም። ሄጄ ጠየቅሁት። «አሞታል» አለ። «ሰው ማየት አልቻለም። ፀበል እየወሰድኩት ነው። ትንሽ ይረፍ፣ ከዚያ ትጠይቂዋለሽ።» እሺ አልኩ። ልክ ነው፣ ያ ሁሉ መከራ ያየ ልጅ ወዲያው አይጠየቅም። ባዶ እጁን ስለተመለሰም ያፍር ይሆናል። ተስፋው ካልተያዘና እሱ ብቻ ከተያዘ ደግሞ ለእኛ መንገሩ ይከብደዋል። ይገባኛል።

ለእናቴ አልነገርኳትም። ከዳነ በኋላ እነግራታለሁ።

ሐምሌ 22

ዘነበ። ሌሊቱን ጀምሮ እስከ እኩለ ቀን። ሰው ሁሉ በረንዳ ላይ ቆሞ ያያል። እናቴ እጇን ከክፈፉ ውጪ አውጥታ ውሃ እየጠለቀች ፊቷን አበሰች። «ደሃናም ከዘነበ ገብሱ ይደርሳል» አለች። «ማሳውን የያዘው የአጎትሽ ልጅ ሰነፍ ነው እንጂ። ተስፋው ቢኖር ይሄኔ ዘርቶ ነበር።»

ቢኖር አለች። እዚህ ቢኖር ማለቷ ነው።

ነሐሴ 2

ጾመ ፍልሰታ ገብቷል። እናቴ ቅዳሴ አልቀረችም። ሰማኸኝ ሱባዔ ገባ ተባልኩ። ከሱባዔ ሰው አይጠራም። እስከ ፍልሰታ ታገሽ አለኝ ምስጋናው። እታገሣለሁ። ትናንት በዚያው ቤተ ክርስቲያን በር አለፍኩ፤ መግባት እችል ነበር። ጫማዬ ጭቃ ስለነበር አልገባሁም።

ነሐሴ 10፣ ቅዳሜ

ክርክሩ ቀዝቅዟል። ምስጋናው ነጥቦቼን ሁሉ ይቀበለኛል። «እሱስ ልክ ነሽ» ይላል፣ «ይሄንንም እቀበላለሁ» ይላል። እንዲህ ሲያደርግ ክርክሩ የት ላይ ይቆማል? በመጨረሻ ብቻዬን ስናገር ራሴን ሰማሁት። ሰው ከዋሻ ባይወጣ ኖሮ፣ ሰው ባሕር ባይሻገር ኖሮ፣ የመጀመሪያዎቹ ሁልጊዜ ይሠዋሉ፣ አልኩ። ይሠዋሉ ያልኩት እኔ ነኝ። ማን ጻፈልኝ? ወረቀቴ ላይ አልነበረም።

ከፕሮግራሙ በኋላ ምስጋናው ሻይ ጋበዘኝ። «ዓይናዲስ» አለኝ፣ ስሜን ሙሉውን። ጠበቅሁት። «ሻይሽ ቀዘቀዘ» አለ።

ሊያገባኝ ሊጠይቀኝ ይሆናል የሚል ሐሳብ መጣብኝ፣ ወዲያው አባረርኩት። አሁን ጊዜው አይደለም። ደግሞ ሰው እንዲህ ባዘነ ፊት ለጋብቻ አይጠይቅም።

ነሐሴ 17፣ ቅዳሜ

ዛሬ ክርክር የለም፣ ሻደይ ነው። ከትናንት ጀምሮ ከተማው በልጃገረድ ተሞልቷል። ቄጠማው ወገባቸው ላይ፣ ከበሮው ከየአቅጣጫው። ድምፅ ልቀዳ ወጥቼ ስመለስ አንድ ቡድን ግቢያችን ደርሶ አገኘሁ። እናቴ ቀሚሷን ቀይራ በር ላይ ወንበር አውጥታ ተቀምጣለች። እንዲህ ፈክታ ካየኋት ቆይቻለሁ።

«ወንድ ልጅ አለዎት እማማ? ስሙን ይንገሩንና እናሞግሰው» አለች አቀንቃኟ።

«ተስፋው» አለች እናቴ። «ተስፋው በሉት። መንገድ ላይ ነው፣ ይመጣል።»

ልጆቹ ተቀበሉ። ቁመናውን፣ ጀግንነቱን፣ የሚመጣበትን ቀን እየደረደሩ ስሙን ደጋገሙት። ከመካከላቸው ረዘም ያለችው ልጅ ግን አላጨበጨበችም። መጀመሪያ አላወቅኋትም። የምስጋናው ታናሽ እኅት ትግስት ናት። የወንድሜ ስም በተጠራ ቁጥር ወደ መሬት ታያለች። ቄጠማዋ ዝም ብሎ ቆመ። ከዚያ ከመሥመሩ ወጥታ በበሩ ሄደች፣ ከበሮው ሳያልቅ።

እናቴ አላየችም። እያጨበጨበች ነበር።

እኔ አየሁ።

ነሐሴ 18፣ እሑድ

ምስጋናው ቤት ሄድኩ። በር ላይ አገኘሁት። ምንም አልጠየቅኩትም፣ «ትግስት ለምን ሄደች?» ብቻ አልኩት።

የሚለውን እያወቅሁ ቆሜ ጠበቅሁት። «ሻደይ ሲያልፍ ሽማግሌ ልንልክ ነበር» አለ። «መርዶ እንዲህ በመንገድ አይነገርም። ካህኑ፣ ጋሽ ትእዛዙ፣ የሰፈሩ ሰዎች፣ በወጉ።» ከዚያ አለቀሰ። እኔ አላለቀስኩም። «ነገ ጠዋት ይምጡ» አልኩት። «እናቴ ዛሬ ማታ ትብላና ትደር።»

አሁን ማታ ነው። እራት በላን። እናቴ ስለ ትናንቶቹ ልጃገረዶች ታወራለች፣ የትኛዋ ለተስፋው እንደምትሆን ትመርጣለች። ረዘም ያለችው ደስ ብላታለች። እሺ እላለሁ። እስቃለሁም። ምስጋናው ይህን ነው ከወር በላይ የተሸከመው። እኔ አንድ ማታ አልቻልኩትም። ቆርጦኛል ብዬ የጮህኩበት ቀን ያውቅ ነበር። ሴትዮዋ ስለ ቀብር ሲጠይቁኝ ያውቅ ነበር። እኔም አፈር የትም አፈር ነው እያልኩ ነበር።

እኔስ መቼ ነው ያወቅሁት? ትናንት ነው እላለሁ። ትናንት ብቻ ነው?

ነሐሴ 19

ጎሕ ሲቀድ መጡ። አልጽፈውም።

ነሐሴ 22

ለቅሶ ቤቱ ትንሽ ቀለል ሲል ሰማኸኝ መጣ። በጣም ከስቷል፣ ጃኬቱ የሌላ ሰው ይመስላል። እናቴ እግር ላይ ሊወድቅ ሲል ያዘችው። አጠገቧ አስቀመጠችው፣ እጁን አልለቀቀችም። ሁሉም ሰው ይሰማል፣ ለሱ ግን እሷ ብቻ ያለች ይመስል ነበር።

የጀልባው ሞተር መሐል ባሕር ላይ ቆመ። ውሃ አለቀባቸው። ተስፋው የባሕሩን ውሃ ጠጣ። የብስ ሲታይ ነፍሱ ነበረች፣ ዳርቻው ላይ ሲያወርዱት ግን አልነበረችም።

«በባሕር አልጣላችሁትም?» አለች እናቴ።

«አልጣልነውም፣ እማማ። እኔና ሁለት የራያ ልጆች ቆፈርን። በጀልባው ሳንቃ። አሸዋው ይናድ ነበር፣ ከላይ ድንጋይ ደረደርንበት።»

«ፊቱን ወዴት አደረጋችሁት?»

«ወደ ፀሐይ መውጫ።»

«ማተቡን ፈታችሁበት?»

«ለእርስዎ ላመጣው አስቤ ነበር። እጄ እምቢ አለኝ። አንገቱ ላይ ተውነው።»

«ደግ አደረጋችሁ» አለች። «ማን ጸለየለት?»

«ቄስ የለም። እኔ ነኝ። አቡነ ዘበሰማያትን አልኩ፣ መሐሉ ጠፋኝና እንደገና ከመጀመሪያው ጀመርኩት።»

እናቴ ራሱን ሳመችው። ከዚያ ነው የጮኸችው። ከሰኞ ጀምሮ ድምፅ አላወጣችም ነበር።

ነሐሴ 24፣ ቅዳሜ

ዛሬ ምስጋናው ብቻውን ገባ። ለቅሶ ቤቱ ውስጥ የአንዱ ሰው ስልክ በዝቅተኛ ድምፅ ተከፍቶ ነበር፤ የምሰማው አልመሰላቸውም። የእሱን ጨርሶ ወደ እኔ ድርሻ አለፈ። «ዓይናዲስ ብትኖር እንዲህ ትል ነበር» አለና ስለ መሄድ ተናገረልኝ። ሰው ሩቅ የሚያየው የቅርቡን ስለጠላ ብቻ እንዳልሆነ፣ ማወቅ መፈለግም ረሃብ መሆኑን። ከእኔ በላይ አሳመነ። ወዲያው ደግሞ ተናደድኩ። አሁን ማነው «አይሂዱ» የሚልልኝ?

ጳጉሜን 1፣ ቅዳሜ

ጋሽ ትእዛዙ «ቅሪ፣ ክርክሩን በመዝሙር እንዘጋዋለን» አሉኝ። አልቀርም አልኳቸው። በጥቁር ልብሴ ገባሁ።

ክርክር አልተካሄደም። የደወለው ሁሉ «እግዜር ያጥናሽ» ይላል። አንዱ ከደሃና፣ አንዱ ከፃግብጂ፤ ያቺ ርዕሱን የመረጠችው ተማሪም ደወለች። ይቅርታ ልትጠይቅ ጀመረች፤ ጥያቄሽ ጥሩ ጥያቄ ነበር አልኳት። ነውም።

ወይዘሮ አምሳለም ደወሉ። «ልጄ፣ ያን ቀን በማይሆን ነገር ገባሁብሽ» አሉ።

«አልገቡብኝም» አልኳቸው። «ያን ቀን የመለስኩልዎ ከወረቀት ነበር። አሁን የማውቀውን ልንገርዎ። አብሮት የሄደ ሰው ይቀብረዋል። እጁን እየላጠው ይቆፍራል፣ ጸሎቱንም እንደሚችለው ይላል።»

«የኔውን ልጅ እንኳ ያየ ሰው የለም» አሉ። «እህቴ፣ ተመስገን በይ።» ልጄ ሲሉኝ የነበሩት እህቴ አሉኝ።

ምስጋናው የመዝጊያ ቃል በይ አለኝ። «አይሂዱ» ልል አስቤ ነበር የገባሁት። መንገድ ላይ ሁሉ እየተለማመድኩት ነበር። ግን ወንድሜ ሞኝ ነበር ማለት ሆነብኝ። «ይሂዱ» ልበል አልኩ፣ እሱም በአፌ አልገባ አለ። «አላውቅም» አልኩ። «ብዙ አንብቤያለሁ፣ ወጪውንም ከሞላ ጎደል አውቀዋለሁ፣ ይቻል ይሆናል። ግን አላውቅም።» ከዚያ ማይኩን ዘጋሁት። ጋሽ ትእዛዙ ከመስተዋቱ ጀርባ ሆነው ራሳቸውን ነቀነቁ። ይቆጡኛል ብዬ ነበር፣ አልተቆጡም።

መስከረም 13፣ ደሃና

እናቴን ይዤ ከመጣሁ ሰነበትኩ። ሰማኸኝም አብሮን መጥቷል፤ የእነሱ ቤት ከኛ ወንዝ ማዶ ነው፣ ግን ከኛ ጋር ነው የሚያድረው። እናቱ አልተቀየመችም።

ዛሬ ከሰዓት በኋላ ሦስታችን አጥሩ ሥር ተቀምጠን ነበር። እናቴ ባቄላ ትፈለፍላለች። ሰማኸኝ «እማማ፣ ከመስቀል በኋላ እወጣለሁ» አለ።

እኔ ነኝ የደነገጥኩት። «ወዴት?»

«በዚያው ነዋ። መንገዱን አሁን አውቀዋለሁ። እዚህስ ምን አለኝ?»

ልመልስለት ቀና አልኩ። ሦስት ወር ሙሉ ስለ መሄድ የተከራከርኩ ሰው ነኝ። ስለ አደጋው፣ ስለ ወጪው፣ ስለ መመለሻው፣ ስለ ሁሉም በሁለት ቋንቋ ተናግሬያለሁ። ለዚህ ልጅ የምነግረው አንድ ቃል አጣሁ። አትሂድ ብዬ ብነግረው «ምን ልሁን?» ይለኛል። ለዚያ ያዘጋጀሁት ነገር የለም። እናቴን አየኋት። ባቄላውን አላቆመችም።

«የላይኛውን ማሳ አይተኸዋል?» አለችው።

«አይቼዋለሁ። አረም ውጦታል።»

«የተስፋው ድርሻ ነው። የአጎቱ ልጅ ዘሩን በተነው እንጂ ዞር ብሎም አላየው። አንተ እረሰውና ምርቱን እኩል እንካፈል። የዘንድሮውን ባይሆን የከርሞውን።»

«እኔ እወጣለሁ አልኩዎት እኮ፣ እማማ።»

«ሰማሁህ። ከመስቀል በኋላ አይደል ያልከው? ገና ነው።»

ተነሥቶ ሱሪውን አራገፈና በአጥሩ ወጣ። ወደ ወንዙ ይሁን ወደ ላይ አላየሁም። እናቴን «ይሄዳል እንዴ?» አልኳት። «እኔ ምን አውቃለሁ» አለች።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ልጠራው ወጣሁ። ማሳው ላይ ነበር። ጃኬቱን አውልቆ ድንጋይ ላይ አድርጎታል። ጎንበስ ብሎ ያርማል። ከዳሩ አልጀመረም፤ ገብቶ ከመሐል ነው የጀመረው፣ ያለ ሥርዓት፣ እንደ ተናደደ ሰው። የነቀለውን ወደ ኋላው ይወረውራል።

መሐል ድረስ ሄጄ ከጎኑ ጎንበስ አልኩ። ከየት መጀመር እንዳለብኝ አላወቅሁም። አጠገቤ ያለውን ያዝኩና ሳብኩት።